ለዓመታት ጎዳና ላይ የኖረን ሰው ቤት ማስገባት፦ ለትናንሽ የበጎ አድራጎት ቡድኖች ዝርዝር መመሪያ

ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ነገር እናድርግ ብሎ የሚነሳ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ በምግብና በልብስ ይጀምራል። ክፋት የለውም። የራበው ሰው መብላት አለበት። ችግሩ ብዙዎቹ እዚያው መቅረታቸው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላም ያው ሰው፣ ያው ጥግ፣ ያው ሳህን። ይህ መመሪያ ከዚያ ማለፍ ለሚፈልጉ ነው። ገንዘቡ ውስን፣ ሰዉ ጥቂት የሆነ ቡድን ለዓመታት ጎዳና ላይ የቆየን ሰው እንዴት ቤት አስገብቶ እዚያው እንዲቆይ ሊያግዝ ይችላል?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን ፎቶ የሚነሳበት ቀን ነው። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከገንዘባችሁም ከጉልበታችሁም ቢያንስ ግማሹን ለዚያ አስቀምጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ማንን እንደምትረዱ ለዩ

ጎዳና ላይ የምናየው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር የለበትም። ሥራ ያጣ፣ ከቤተሰብ የተጣላ፣ ኪራይ ያቃተው አለ። ብዙዎቹ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ዘመድም ተጠግተው፣ ሥራም አግኝተው ይወጣሉ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እዚያው የሚገኙት ግን ሌላ ናቸው። ከነዚህ አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመም፣ ሱስ፣ የአካል ጉዳት ወይም ሥር የሰደደ በሽታ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱና ሦስቱ ተደራርበው ይገኛሉ።

የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ቁርጥ ያለ መስፈርት አለው። ሰውየው የጤና ወይም የአካል ጉዳት ያለበት መሆን አለበት። በዚያ ላይ 12 ወር ሳያቋርጥ ጎዳና ላይ ወይም በድንገተኛ መጠለያ የኖረ፣ አለዚያም በ3 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 4 ጊዜ እየገባ እየወጣ ድምሩ 12 ወር የሞላው መሆን ይጠበቅበታል። እናንተ ይህንኑ መቅዳት የለባችሁም። ግን የራሳችሁ መስፈርት ይኑራችሁ፤ በጽሑፍ። መስፈርት የሌለው ቡድን ሳይታወቀው ቀላሉን ሰው ይመርጣል፦ የማይቆጣውን፣ ልብሱ የማይሸተውን፣ ቶሎ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውን።

ራንዳል ኩንና ዴኒስ ኩልሄን በ1998 ባሳተሙት ጥናት የኒውዮርክንና የፊላዴልፊያን መጠለያዎች መዝገብ መርምረው ነበር። ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት ከተጠቃሚዎቹ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከጠቅላላው የመጠለያ ቀናት ግን ግማሽ ያህሉን የያዙት እነሱ ሆነው ተገኙ። ለትንሽ ቡድን ይህ የምሥራች ነው። ሺህ ሰው መድረስ አይጠበቅባችሁም። ከሁሉም በላይ የቆዩትን አሥር ሰዎች ይዛችሁ ብትጀምሩ ልዩነቱ ይታያል።

2. በስም መዝግቡ

«በዚህ ሰፈር ወደ ሃምሳ ሰው አለ» የሚል ግምት ለንግግር እንጂ ለሥራ አይሆንም። የሚያስፈልጋችሁ ስም ያለበት ዝርዝር ነው። ሮዛን ሃገርቲ የመሠረተችው ኮሚዩኒቲ ሶሉሽንስ የተባለው ድርጅት በ2010 በተጀመረው «የ100,000 ቤቶች ዘመቻ» ይህን ዘዴ አሜሪካ ውስጥ አስፋፍቶታል። በጎ ፈቃደኞች ለተከታታይ ቀናት ገና ሳይነጋ ወጥተው፣ ሰው የሚያድርበትን ቦታ ሁሉ እየዞሩ ያገኙትን ሰው በስሙ ይመዘግቡ ነበር። ዘመቻው በ2014 ሲዘጋ ቤት የገቡት ሰዎች ከ100,000 በልጠው ነበር።

ሌሊቱ የተመረጠው በምክንያት ነው። ቀን ላይ ሰው ይበተናል፤ ከነጋ ማን የት እንዳደረ አታውቁም።

በመዝገቡ ላይ ምን ይጻፍ? ሰውየው የሚጠራበት ስም፣ የሚያድርበት ቦታ፣ ጎዳና ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ያለበት ሕመም፣ በቅርቡ ሆስፒታል መግባት አለመግባቱ፣ ምን እንደሚፈልግ። ይኸው ነው። የወንጀል ታሪክ፣ የቤተሰብ ጣጣ፣ የእምነት ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም። ሳታስፈቅዱ አትመዝግቡ። ፎቶ ለመዝገቡ ካስፈለገ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ለፌስቡክ ከሆነ ግን ይቅር። ዝርዝሩን ማን እንደሚያየው በግልጽ ወስኑ። በየሰዉ ስልክ ላይ የሚዞር ዝርዝር አንድ ቀን የማይገባው እጅ ይገባል።

ከዚያ ቅደም ተከተል አውጡ። እኔ የምመርጠው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ሳይረዳ ቢቀር በዚህ ዓመት ሊሞት የሚችለው ማነው? የኩላሊት ወይም የጉበት በሽታ ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ፣ በተደጋጋሚ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ፣ ሱስና የአእምሮ ሕመም የተደራረቡበት። እሱ ከላይ ይቀመጥ። «ዝግጁ የሆነውን እናስቀድም» የሚል ሐሳብ ከቡድኑ መነሳቱ አይቀርም። ያኔ ዝርዝሩን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት።

3. ሳትቸኩሉ ተለማመዱ

ጂም ኦኮነል የሚባል ሐኪም በ1985 ቦስተን ውስጥ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሕክምና በሚሰጠው ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር፣ ባርባራ ማኪኒስ የምትባል ነርስ የልብ ማዳመጫውን (ስቴቶስኮፑን) እንዲያስቀምጥ ነገረችው። መጀመሪያ ያሠራችው የሰዎቹን እግር በውሃ ዘፍዝፎ ማጠብ ነበር። ከፍ ብሎ ቆሞ ጥያቄ ይደረድር የነበረው ሐኪም ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ለዓመታት ከሐኪም ሲሸሹ የኖሩ ሰዎች እግራቸው ሲታጠብ ቀስ በቀስ ማውራት ጀመሩ። ብዙ የሚራመድና ጫማውን የማያወልቅ ሰው እግሩ ይጎዳል። ስለዚህ ነገሩ ትሕትና ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ነበር።

እናንተ የግድ እግር ማጠብ የለባችሁም። አካሄዱን ግን ውሰዱ፦ ሰውየው አሁን የሚሰማውን ችግር በትንሹ አቃልሉ፣ ከዚያ አድምጡ። ካልሲ፣ የቁስል ማሸጊያ፣ የስልክ ቻርጅ፣ የሚጠጣ ውሃ። ትንሽ ነገር ይበቃል።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የሚያገኘው ሁልጊዜ ያው ፊት ይሁን፤ በየሳምንቱ አዲስ በጎ ፈቃደኛ እየመጣ «ታሪክህን ንገረኝ» ካለው ይሰለቻል፤ ቢሰለችም እውነት አለው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ሂዱ፤ መቅረት ካለም ቀድማችሁ ንገሩት። የተኛን ሰው አትቀስቅሱ። በካርቶንም በፕላስቲክም ቢሆን ያጠረው ቦታ ቤቱ ነው፤ ሳይፈቅድ አትግቡበት። ፖሊስ አስከትላችሁ አትሂዱ። «ሂድ» ካላችሁ ሂዱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ። አንዳንዱ ሰው ሰላምታ ለመመለስ ወራት ይወስዳል።

ቃል አትግቡ። «ቤት እናገኝልሃለን» የሚለውን ከዚህ በፊት ከብዙ ሰው ሰምቶታል። የምታደርጉትን ብቻ ተናገሩ፤ «ማክሰኞ ጠዋት መታወቂያ ለማውጣት አብሬህ እሄዳለሁ» በሉት፣ ማክሰኞም ተገኙ።

በቡድናችሁ ውስጥ ራሱ ጎዳና ላይ ኖሮ የወጣ ሰው ካለ ከማንኛችሁም በተሻለ ያግባባል። ግን እንደ ማስታወቂያ አትጠቀሙበት። ደመወዝ ክፈሉት።

4. ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው። ብዙ ሰው የሚቀረውም እዚህ ነው። ቤት ሲገኝ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ መታወቂያ። በዚህ መሀል ቤቱ ለሌላ ይከራያል። ስለዚህ ቤት ሳይገኝ በፊት ወረቀቱን ጀምሩ። መታወቂያ፣ የልደት ማስረጃ፣ የጡረታ ወይም የድጎማ መብት ካለ ማመልከቻ፣ የሕክምና ማስረጃ።

ከቡድናችሁ አንድ ሰው ሥራው ይህ ብቻ ይሁን። የየቢሮውን ደንብ የሚያውቅ፣ ወረፋ የማይሰለቸው፣ ጸሐፊዎቹን በስም የሚያውቅ ሰው ምረጡ። ሰውየው በአካል መገኘት ያለበት ቀን አጅቡት። የአገልግሎቱን ክፍያ እናንተ ቻሉ። ወረቀቱ እንደወጣ ቅጂውን ቢሮ አስቀምጡ፤ ጎዳና ላይ ዕቃ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ በጽዳት ዘመቻ ይወሰዳል።

5. ቤቱን ያለ ቅድመ ሁኔታ ስጡ

የቆየው አሠራር ደረጃ በደረጃ ነበር። መጀመሪያ መጠጥ አቁም፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ መጠለያ ውስጥ ጸባይህን አሳይ፤ ከዚያ ቤት ይሰጥሃል። ሳም ጸምቤሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ፓዝዌይስ ቱ ሃውዚንግ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ይህን ገለበጠው። መጀመሪያ ቤት፤ ሕክምናው ሰውየው ሲፈልግ። ለተከራዩ የተጠየቀው ከገቢው 30 በመቶውን ለኪራይ መክፈልና የሚጎበኙትን ሠራተኞች መቀበል ነበር። በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በኋላ 88 በመቶዎቹ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። በደረጃው አሠራር ካለፉት የቀሩት 47 በመቶ ናቸው።

«እየጠጣ ቤት እንስጠው?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሲያትል ውስጥ ዲኢኤስሲ የተባለ ድርጅት በ2005 ለከባድ የመጠጥ ሱሰኞች 75 ክፍል ያለው ሕንጻ ከፈተ። እዚያ ክፍላቸው ውስጥ መጠጣት ይችላሉ። ተቃውሞው ከባድ ነበር። በ2009 የወጣው ጥናት ግን ለነዚህ ሰዎች ይወጣ የነበረው የሕዝብ ገንዘብ መቀነሱን፣ የሚጠጡትም መጠን በጊዜ ሂደት መቀነሱን አሳየ።

ይህን ስል ቤት ሁሉን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍላ ሞክራዋለች። ቤት ቀድመው ያገኙት በቤታቸው በመቆየት በግልጽ በልጠዋል። በአእምሮ ሕመም ምልክትና በሱስ ረገድ ግን ከሌሎቹ ብዙም አልተለዩም። ለለጋሾቻችሁም ይህንኑ ንገሩ። «ቤት ሰጥተን ከሱስ አዳንነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላ ታፍራላችሁ።

ቤቱ ከየት ይምጣ? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከተራ አከራዮች እዚህም እዚያም መከራየት ነው። ለትንሽ ቡድን እኔ የምመክረው ይህን ነው። ተከራዩ ሰፈር ይመርጣል፣ እንደማንኛውም ጎረቤት ይኖራል። ፊንላንድ ውስጥ በ1985 የተቋቋመው ዋይ ፋውንዴሽን ለዓመታት የሠራው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በተራ ሕንጻዎች ውስጥ ነጠላ አፓርታማዎችን እየገዛ ቤት ላጡ ሰዎች ያከራያል። ሁለተኛው የራስ ሕንጻ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት 250 ያህል አልጋ የነበረውን መጠለያ ወደ 81 አፓርታማ ለውጦታል። ሕንጻ ያምራል፣ ለጋሽም ይወዳል፣ በሩ ላይ ስሙ ይጻፍለታል። ግን ጣራው ያፈሳል፣ ሊፍቱ ይቆማል፣ ጥበቃ ደመወዝ ይፈልጋል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለዓመታት የተመሰገነው ስኪድ ሮው ሃውዚንግ ትረስት ሕንጻዎቹን ማስተዳደር አቅቶት በ2023 ንብረቶቹ ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ እጅ ገቡ። ከ1,000 በላይ ተከራዮች ነበሩት። ለግንባታው እንጂ ለየዓመቱ ወጪ ገንዘብ ከሌላችሁ ሕንጻ አትጀምሩ።

አከራይን ስታነጋግሩ ስለ በጎነት ብዙ አትስበኩ። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ኪራዩ በቀኑ መግባቱን፣ ችግር ሲፈጠር የሚያነሳ ስልክ መኖሩን፣ ቤቱ ቢበላሽ የሚከፍል መኖሩን። ለሦስቱም በጽሑፍ ቃል ግቡ። ለጉዳት የሚሆን ትንሽ ፈንድ ለብቻው አስቀምጡ። ሌሊት የሚደወልለት ሰውም በተራ መድቡ። ውሉ በተከራዩ ስም ቢሆን ይመረጣል፤ መብቱ የራሱ ይሆናል። አከራዩ እምቢ ካለ ለመጀመሪያው ዓመት ድርጅታችሁ ይዋዋል፣ ከዚያ ስሙ ይዛወር። የተከራዩን የሕክምና ምስጢር ግን ለአከራይ አትንገሩ፤ ቢጠይቅም።

ቢያንስ ሁለት ቤት አሳዩትና ይምረጥ። ዓመታት ሙሉ ሌላው ሲወስንለት የኖረ ሰው ነው።

6. የመጀመሪያዎቹን ወራት አትልቀቁ

ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ አይሁን። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ድስት፣ ሳህን፣ ሳሙና፣ አምፖል። መጋረጃውን አትርሱ። ውጭ ሲያድር ሁሉም ያየው የነበረ ሰው መሸፈን ይፈልጋል።

ከዚያ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። አልጋ እያለ መሬት ላይ የሚተኛ አለ። ሌሊት ተነስቶ ወደ ድሮ ቦታው የሚሄድ አለ። ዝምታው የሚያስጨንቀው አለ። ጎዳና ላይ ጓደኛ፣ ጫጫታ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያሯሩጥ ነገር ነበር፤ አሁን አራት ግድግዳ ነው። ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም። ሬዲዮ ስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሂዱ።

ቤት የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ብቸኝነት ሳይሆን እንግዳ ነው። የጎዳና ጓደኞች ይመጣሉ፣ ያድራሉ፣ ከዚያ አይወጡም። ሲርበው ያካፈሉትን «ውጡ» ማለት ይከብደዋል። አንዳንዴ እንግዳው ቤቱን በጉልበት ይወስደዋል። ከተከራዩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ስንት ሰው፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ «አይሆንም» ማለት ሲያቅተው ለማን ይደውላል። ጥፋቱን በእናንተ ላይ ቢያላክክ ደስ ይበላችሁ። «ድርጅቱ አይፈቅድም» ማለት ብዙ ሰው አድኗል።

ለክትትሉ ጥሩ ቅርጽ የሚሆናችሁ ኒውዮርክ ውስጥ የተፈተነ ዘጠኝ ወር የሚፈጅ አሠራር አለ። በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያው ሦስት ወር ሠራተኛው ሁሉንም አብሮ ያደርጋል፦ ክሊኒክ፣ ባንክ፣ ገበያ። በሁለተኛው ሰውየው ራሱ ሲሞክር ያያል፣ ሲያቅተው ይገባል። በሦስተኛው ወደኋላ ይላል፤ ክሊኒኩ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ቦታውን መያዛቸውን ያረጋግጣል። እጅግ የተጎዱ ሰዎች ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዱም ለዘለቄታው። ለነሱ አንድ ሠራተኛ ከ10 ሰው በላይ አይያዝ። ከዚያ ከበለጠ ክትትሉ የስልክ ጥሪ ብቻ ይሆናል።

ቤቱ ቢጠፋስ? ይጠፋል። ኪራይ ይጠጣል፣ በር ይሰበራል፣ አከራይ ያስወጣል። ሁለተኛ ቤት ፈልጉለት። በመጀመሪያው ቤት ምን እንደሆነ ያለ ቁጣ አውሩ፤ ምናልባት ሰፈሩ ነበር፣ ምናልባት ኪራዩ በቀጥታ ለአከራይ መከፈል ነበረበት። ሁለት ሦስት ቤት ካለፈ በኋላ የሚረጋጋ ሰው አለ።

7. ቀኑን የሚሞላ ነገር

ሥራን ቅድመ ሁኔታ አታድርጉ፤ በሩን ግን ክፈቱ። ፈረንሳይ ውስጥ አቤ ፒየር የተባለ ቄስ በ1949 የጀመረው ኤማውስ ማኅበረሰብ አባላቱ አሮጌ ዕቃ ሰብስበው፣ ጠግነው፣ ሸጠው ራሳቸውን ይችላሉ። ለንደን ውስጥ በ1991 የተጀመረው ቢግ ኢሹ መጽሔት ሻጮቹ ቅጂውን ገዝተው አትርፈው ይሸጣሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ሰውየው በፈለገው ቀንና በአቅሙ ልክ መሥራት ስለሚችል ነው።

በጥሬ ገንዘብ መርዳትም ይወራል። ቫንኩቨር ውስጥ ለ50 ሰዎች በአንዴ 7,500 የካናዳ ዶላር ተሰጥቶ ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ለመጠጥና ለዕፅ የሚያወጡትም አልጨመረም። ግን ከባድ ሱስ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከመጀመሪያው አልተካተቱም፤ ቤት ካጡም ብዙ ዓመት ያልሆናቸው ነበሩ። ስለዚህ ውጤቱን በዝርዝራችሁ አናት ላይ ላለው ሰው እንዳለ አትውሰዱት።

8. ገንዘቡና ሒሳቡ

የመንግሥትን ሥራ ልትተኩ አትችሉም፤ አትሞክሩ። የኪራይ ድጎማ፣ ሆስፒታል፣ ጡረታ የሱ ነው። የግል ገንዘብ የሚያምርበት መንግሥት የማይደርስበት ቀዳዳ ነው፦ ዛሬ ከሰዓት የሚከፈል ቀብድ፣ የመታወቂያ ክፍያ፣ ፍራሽ፣ የተሰበረ በር፣ ድጎማው እስኪመጣ ያለው የሁለት ወር ኪራይ። እነዚህ ወጪዎች ትንንሽ ናቸው፣ ግን ሰው ቤት የሚያጣው በነሱ ነው። ከለጋሽ ጋር ስትነጋገሩ ገንዘቡ ለሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እንዲውል ፈቃድ ጠይቁ። ለአንድ ነገር ብቻ የታሰረ ገንዘብ በሩ በተሰበረ ሌሊት አይደርስላችሁም።

ኃላፊዎችን፣ ሆስፒታሉን፣ ፖሊስን፣ ሌሎች ድርጅቶችን በየሁለት ሳምንቱ በዚያው የስም ዝርዝር ዙሪያ ሰብስቡ። አጀንዳው አንድ ይሁን፦ ይህ ሰው የት ደረሰ፣ ምን ያዘው፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ማን ምን ያደርጋል። ሮክፎርድ የምትባለው የኢሊኖይ ከተማ እንዲህ እየሠራች በ2017 ለረጅም ጊዜ ቤት ያጡ ነዋሪዎቿን ቁጥር ዜሮ በሚባል ደረጃ አወረደች። ዜሮ ማለት ከዚያ በኋላ ማንም ጎዳና አይወጣም ማለት አይደለም። የሚወጣው ሰው ወዲያው ይታወቃል፣ ሳይቆይም ቤት ይገባል ማለት ነው።

የምትቆጥሩትንም ምረጡ። የተከፋፈለ ሳህን፣ የታደለ ብርድ ልብስ፣ የተደረገ ጉብኝት ሪፖርት ያሳምራል። የሚጠቅማችሁ ግን አራት ቁጥር ነው፦ ስንት ሰው ቤት ገባ፣ ከስሙ መመዝገብ እስከ መግባቱ ስንት ቀን ፈጀ፣ ከ12 ወር በኋላ ስንቱ ቤቱ ውስጥ አለ፣ በዝርዝሩ ላይ እያለ ስንቱ ሞተ። የመጨረሻውን ማንም መጻፍ አይፈልግም። ጻፉት፤ ዝርዝሩ ላይ ማን መቅደም እንደነበረበት የሚያሳያችሁ እሱ ነው።